ዘይቱ የት ገባ?

ስለ ልጆች የቤት ሥራ ስንጨዋወት ከርመን፣ «ስለ አዛውንቶቻችንስ ምነው ዝም አልሽ?» ያላችሁኝ አላችሁ። እውነታችሁን ነው። ዛሬ ስለ አባቴ ላውራችሁ። ስለ አባቴ ለማውራት ግን ስለ መኪናው ማውራት ግድ ይለኛል።

አባቴ 76 ዓመቱ ነው። መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ስለ ዲኤክስ ለአዲስ አበባ ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን አልደክምም። የእኛዋ በፈረንጆቹ 1982 የተሠራች ናት። እናቴ በሕይወት ሳለች ገበያ የምትወጣው በእሷ ነበር፤ እኔም መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው፤ የ11 ዓመቷ ልጄም ከትምህርት ቤት የምትመለሰው አያቷ በእሷ እየሄደ ሲያመጣት ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚጠብቀው የቀን ቀጠሮ አንድ ይህ ብቻ ነው፦ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ መገኘት።

ባለፈው ጥር ለአስተርዮ ማርያም አክስቴ ዘንድ ሸዋ ሮቢት ወረድን። አባቴ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ፣ ልጄ ከኋላ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ከጣርማበር ዋሻ እንደወጣን ቁልቁለቱ ጀመረ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳማ ጫፍ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ ይጠማዘዛል። አንዱ መታጠፊያ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። በሚቀጥለው መታጠፊያ እንደገና ብልጭ አለች።

«አባዬ፣ መብራቷ!»

«አይዞሽ፤ ጠዋት አይቼዋለሁ። ሙሉ ነው።»

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አላስቻለኝም፤ ጥግ አስያዝኩት። ኮፈኑን ከፍተን የዘይት መለኪያዋን ስንመዛት ጫፏ ላይ እንኳ ጠብታ የለም። እግዜር ይስጠው፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገባችን ቆሞ ከያዘው ላይ ሁለት ሊትር ሰጠን፤ ብሩንም በግድ ነው የተቀበለን።

ስለዚያች መብራት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ቀይዋ መብራት የምትለካው የዘይቱን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው። ዘይቱ በጣም ሲጎድል፣ መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር ይስባል። ግፊቱ ይወድቃል፤ መብራቷ ትበራለች። ያን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ሊገናኝ ጥቂት ነው የቀረው። ወዲያው ጥግ ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። «እስከ ማደያው ትድረስ» የሚባል ነገር የለም፤ ሞተር የሚነክሰው በዚያች «ትድረስ» ነው።

«ሞተር ይውረድ»

አዲስ አበባ እንደተመለስን መኪናዋን ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ወጣት ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። ነዳጅ ሰጥቶ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ አየ፤ ሰማያዊ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በመሣሪያ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካ። ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ፋሻ ጨርሳለች። መጽሐፉ ከ150 በላይ ይላል፤ የእናንተዋ ግን 118 ናት። ሞተር ይውረድ።»

ሞተር ማውረድ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ቴስታታው ይነሳል፣ ፒስተኖቹ ይወጣሉ፣ ሲሊንደሮቹ ይሞረዳሉ፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ኩሽኔታና ጋርኒሲዮን በአዲስ ይገዛል። የጠየቀን ዋጋ የአባቴን የአንድ ዓመት ጡረታ ያህላል። እኔ እጅ ላይ የነበረው የዕቁብ ገንዘብ ነው፤ ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የያዝኩት። አባቴ ይህን ያውቃል።

«ሽጫት» አለኝ ማታ። «ለእኔ ብለሽ የልጅ ገንዘብ እንዳትነኪ።» ይህን ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። እራትም አልበላ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩልን አብሮ እየሸጣት እንደሆነ ገባኝ።

በዚያው ሳምንት የደረሱልን ጎረቤታችን ናቸው። ለብዙ ዓመት የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ያስተማሩትም የመኪና ጥገና ነው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ዘይት በላ ተብሎ ሞተር የሚወርድ ከሆነ፣ ሆዴን አመመኝ ያለ ሁሉ ይቀደድ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቅ አለ። ዘይቱ ጠፍቷል፤ እሺ። በየት በኩል?»

አራቱ መንገዶች

መምህሩ እንደነገሩኝ፣ ያረጀ ሞተር ዘይት የሚያጣባቸው ዋና ዋና መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው ወደ ውጭ ነው። ዘይቱ ሳይቃጠል ይንጠባጠባል፤ በቴስታታው ክዳን ጋርኒሲዮን፣ በኮፓው ዙሪያ፣ በዘይት ፊልትሮው ወይም በፓራኦሊዎቹ በኩል። ይህን ለማወቅ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ማንጠፍ ነው። ግን አንድ ማታለያ አለው፤ አንዳንድ ፍሳሽ ሞተሩ ሲሠራ፣ በግፊት ብቻ የሚመጣ ስለሆነ ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ተሄዶ እንደተመለሰም ሥሯን ማየት ያስፈልጋል። ከሞተሩና ከካምቢዮው መገናኛ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ የኋላው ፓራኦሊ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ነው። ቴስታታው ውስጥ እያንዳንዱ ቫልቭ የሚመላለስበት ቀዳዳ አፍ ላይ ትንሽ የጎማ ቆብ አለች፤ የቫልቭ ጎሚኒ እንበላት። ሥራዋ ከላይ ያለው ዘይት በቫልቩ አንገት ተንሸራትቶ ወደሚቃጠልበት ክፍል እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። ጎማ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፤ ይጠነክራል፤ ይሰነጠቃል። ያኔ ዘይቱ ሾልኮ ይወርዳል።

ሦስተኛው ከታች ወደ ላይ ነው። ፒስተኑን የከበቡት የብረት ቀለበቶች፣ ፋሻ የምንላቸው፣ ሁለት ሥራ አላቸው። የላይኞቹ ግፊቱን ያግታሉ፤ የታችኛዋ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይት እየጠረገች ትመልሳለች። ፋሻዎቹ ሲያልቁ ወይም በጥላሸት ተጣብቀው ሲቀሩ፣ ወይም ሲሊንደሩ ራሱ ሲበላ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ያመልጣል። ሞተር ማውረድን የግድ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው።

አራተኛው በመተንፈሻው በኩል ነው። ሞተር ይተነፍሳል። በፋሻዎቹ ጎን ሾልኮ ወደ ታች የሚወርድ ጥቂት ጋዝ ሁልጊዜ ስላለ፣ እሱን እየሳበ ወደ ካርቡሬተር የሚመልስ ቱቦ አለ። ቱቦው ወይም ቫልቩ በዘይት አተላ ሲደፈን ግፊት ውስጥ ይታፈናል፤ ዘይቱን በየፓራኦሊው ይገፋዋል፤ ወይም ከጋዙ ጋር ለቃጠሎ ያስገባዋል። ለመጠገን ከሁሉ የረከሰው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚረሳውም ይኸው።

ሌሎችም አሉ። ተርቦ ያለው የናፍጣ መኪና በተርቦው በኩል ዘይት ሊያቃጥል ይችላል። የራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር በብዛት ከታየ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ይመረመር። የእኛዋ ግን ከእነዚህ ነጻ ናት።

ባለሁለት አምድ ደብተር

«አሁን መለካት ነው» አሉ መምህሩ። ልጄን ጠርተው የካሬ ደብተር አስያዟት። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የዘይት ልክ፣ የተጨመረ ዘይት፣ የታየ ጭስ። የዘይት ልኩን ደግሞ ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ «አባባ»፣ ሌላው «እኔ»። «ሁለት ሰው ይየው፤ ሰው ለገዛ መኪናው ያደላል» አሉና ሳቁ።

ገና የመጀመሪያው ቀን ጉድ ወጣ። ከጣርማበር ወዲህ የደነገጠው አባቴ በየጠዋቱ «ለማንኛውም» እያለ ትንሽ ዘይት ይጨምርላት ኖሯል። ግቢያችን ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ ተዳፋት ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚተኛ መለኪያዋ ውሸት ትናገራለች። መምህሩ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቆሟት፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍተው አሥር ደቂቃ ጠበቁ፤ መለኪያዋን በነጭ ጨርቅ ጠርገው መልሰው አስገብተው መዘዟት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በሁለት ጣት ያህል አልፏል! ከሥር ከፍተው አንድ ሊትር የሚጠጋ ቀነሱላት።

ዘይት ሲበዛስ ምን ይሆናል? ታች የሚሽከረከረው ብረት ይንጠዋል፤ አረፋ ያደርገዋል፤ ፋሻዎቹ ጠርገው ከሚጨርሱት በላይ በግድግዳው ላይ ይረጨዋል፤ የተረፈው በመተንፈሻው ወጥቶ ይቃጠላል። መካኒኩ ያየው ያ ሁሉ ሰማያዊ ጭስ፣ ቢያንስ ግማሹ አባቴ በገዛ እጁ የጨመረው ነበር። «በሳምንት አንድ ሊትር ትበላለች» ስንል የነበረውም በዚሁ ነው።

ከዚያ አራት ሳምንት በሥርዓት ለካን። የምንጨምረውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው የሰፈርነው። በአራት ሳምንት 620 ኪሎ ሜትር ሄዳ 0.9 ሊትር ጠጣች። በ700 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ ማለት ነው። አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ድረስ እንደ ተፈቀደ ወሰን የሚጽፉ አሉ። የእኛዋ ከዚያ ያለፈች ቢሆንም ለሞት የቀረበች አልነበረችም።

የደብተሩን ሌላ ምስጢር ያየሁት ግን በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ልጄ ጠረጴዛ ላይ ትታው ስገልጠው፣ የእሷ አምድ ይወርዳል፤ «ሙሉ»፣ «ትንሽ ጎደለ»፣ «መሐል»፣ «ከመሐል በታች»። የአባባ አምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ነው፤ «ሙሉ»፣ «ሙሉ»፣ «ሙሉ»።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አባባ እንዳይናደድ ብዬ» አለችኝ። «ግን እኮ እማዬ፣ መለኪያዋን በጣም አጠገቡ አድርጎ ነው የሚያያት።»

አዲስ ዘይት እንደ ማር ነው፤ ቀጭን ብረት ላይ ለጤናማ ዓይንም አይታይም። አባቴ የሚያየው የብረቱን ጸዳል ነበር። ጣርማበር ላይ «ጠዋት አይቼዋለሁ» ያለኝ ዋሽቶኝ አልነበረም። አይቶ ነበር። አልታየውም እንጂ።

ይህን ለጊዜው በሆዴ ያዝኩት።

ጭሱ መቼ ይወጣል?

የጭስ ቀለም ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ነው የሚነግረን። ነጭ ጭስ ጠዋት በብርድ ወጥቶ ቶሎ ከጠፋ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለ የራዲያተር ውኃ እየገባ ይሆናል። ዘይት ሲቃጠል ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሽታውም ያንቃል። ከቀለሙ ይልቅ ግን ሰዓቱ ነው መንገዱን የሚያሳየው።

ጠዋት ስትነሳ ቡፍ ብሎ ወጥቶ ከጠፋ፣ ዘይቱ ሌሊቱን በቫልቭ ጎሚኒዎቹ ሲንጠባጠብ አድሯል ማለት ነው። መብራት ላይ ብዙ ቆማ ስትነሳ ወይም ረጅም ቁልቁለት እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ወርዳ እንደገና ነዳጅ ሲሰጣት ቡፍ ካለችም ጣታችን ወደዚያው ይጠቁማል። ምክንያቱም እግራችንን ስናነሳ ሞተሩ አየር ስለሚከለከል በመሳቢያው በኩል ኃይለኛ ምጥ ይፈጠራል፤ ያ ምጥ ዘይቱን በደረቁት ጎሚኒዎች በኩል ይጎትተዋል። ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዛ፣ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚወጣ ጭስ ከሆነ ግን ፋሻና ሲሊንደር ይጠረጠራሉ።

አንድ እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። እኔ ነዳሁ፤ መምህሩ በልጃቸው መኪና ከኋላ ተከተሉን። ዳገቱን ስንወጣ አንድም ጭስ የለም። ከላይ ዞረን እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ በማርሽ ወረድኩ፤ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ነዳጅ ስሰጣት ከኋላ ሰማያዊ ደመና ወጣ። መምህሩ መብራት እያበሩ «አየሽ?» አሉኝ።

የ118 ነገር

«እሺ ጋሼ፣ መካኒኩ የለካው 118 ግን ምንድነው?» አልኳቸው።

ይህን ሲመልሱልኝ አስተማሪነታቸው ተመለሰ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ወደ ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ያገኘው ካነሰ መሣሪያው ላይ የሚታየውም ያንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 160 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 120 ገደማ ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው። የእኛዋ ሞተር የተፈረደባት በሌላ አገር አየር ነበር ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። የእኛዎቹ 118፣ 120፣ 116 እና 119 ናቸው። ቀጥሎ በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት አንጠባጥበው እንደገና ለኩ። ፋሻዎቹ አልቀው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍነው ቁጥሩ ዘሎ ይወጣ ነበር። የእኛዎቹ ግን ከስድስትና ከሰባት በላይ አልጨመሩም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱም ቀስ ያለ እስትንፋስ እንጂ እንደ ፈላ ጀበና የሚገፋ ነገር አልነበረም።

አንድ ጥንቃቄ አክለውልኛል። ይህ ምርመራ የሚለካው የላይኞቹን ፋሻዎች ነው። ዘይት ጠራጊዋ የታችኛዋ ፋሻ ተጣብቃም ግፊቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን አይፈርድም፤ ደብተሩ፣ ጭሱ፣ ካንዴላውና መሣሪያው አንድ ላይ ናቸው የሚመሰክሩት። ካንዴላዎቹን ስናይ ሦስቱ ደረቅ ናቸው፤ ሦስተኛዋ ሲሊንደር ላይ ያለችው ግን ጥቁርና እርጥብ ናት። የመተንፈሻውን ቱቦ ስንነቅለው ደግሞ ግማሹ በአተላ ተደፍኗል።

ፍርዱ ተሰጠ፤ ጎሚኒዎቹና መተንፈሻው።

ጎሚኒ ለመቀየር ቴስታታው መነሳት እንኳ አላስፈለገውም። በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ ገመድ ይገባና ፒስተኑ ወደ ላይ ይገፋል፤ ገመዱ ቫልቮቹን ከሥር ደግፎ ይይዛቸዋል፤ ከላይ ሞላው ተፈቶ አሮጌው ጎሚኒ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ሥራውን የሠራው ያው ወጣት መካኒክ ነው፤ መምህሩ አጠገቡ ቆመው። መኪናዋ በዚያው ቀን ወጣች። የወጣው ገንዘብ የዕቁቡን ሩብ እንኳ አልነካም። የወጡት ጎሚኒዎች በጣት ሲጫኗቸው እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራሉ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነ። ደብተሩ እንደሚለው በ1,650 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ጨምረናል። አዲስ አልሆነችም፤ ያረጀች መኪና ናት፤ ትንሽ ትጠጣለች። እኛም እናውቃለን፤ እንሰጣታለን።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት

ቤታችሁ ያረጀች መኪና ካለች፣ የሚከተለውን ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

1. ሁልጊዜ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለኩ። መለኪያዋን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፤ በጨርቁ ላይ የሚቀረው ቅባት ለዓይን ይታያል። ያረጀች መኪና በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ረጅም መንገድ ሲታሰብ ደግሞ ከመነሳት በፊት ትታይ።

2. ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ። ብዙ ዘይት ከትንሽ ዘይት አይሻልም።

3. ቢያንስ ለ500 ኪሎ ሜትር የተጨመረውን እየሰፈራችሁ ጻፉ። «ትበላለች» ከማለት «በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ይህን ያህል» ማለት ይሻላል፤ መካኒኩም በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማችሁ።

4. ጭሱ መቼ እንደሚወጣ አስተውሉ፤ ጠዋት ነው? ከቁልቁለት በኋላ ነው? ዳገት ላይ ነው? ይህን ስትመለከቱ ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

5. መጀመሪያ የረከሰውን አሠሩ፤ መተንፈሻውን አስጠርጉ፣ ፍሳሹን አስዘጉ። ወፍራም ዘይት መሙላት ፍጆታውን ትንሽ ሊቀንሰው ይችላል፤ በሽታውን ግን አያድንም።

6. «ሞተር ይውረድ» ስትባሉ የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር በደረቁም በዘይትም አጽፉ። ፋሻ መሆኑ በማስረጃ ከታወቀ እሰየው፤ ያኔ ማውረድ ተገቢ ነው፤ ገንዘባችሁም በከንቱ አልጠፋም። ቁጥሩ የተነጻጸረው ከባሕር ጠረፍ መጽሐፍ ጋር ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ።

የቀረው ነገር

ወደ አባቴ ልመለስ። ጎሚኒው በተቀየረ ማግስት ደብተሩን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም። ሁለቱን አምዶች አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየ፤ ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ ራቅ አደረገው።

«መኪናዋን ነው የለካን ስል» አለ በመጨረሻ፣ «ለካ እኔንም ለክታችሁኛል።»

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ አለ፤ በግራው ብሷል። በቀዶ ሕክምና እንደሚወገድ ተነግሮናል፤ ለግራው ቀን ተቆርጧል። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳልጠይቀው፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «እስኪታየኝ ድረስ» አለኝ። ምናልባት ከዚያም በኋላ ሐኪሙ አይሆንም ይለን ይሆናል። ይህንን ሁለታችንም አልተናገርነውም።

ለጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልተሰረዘም። አባቴ በታክሲ ይሄዳል፤ ልጄና አያቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይገናኛሉ፤ አብረው በእግራቸው ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ግቢ ውስጥ ሥራ አላቸው፤ እኔ መኪናዋን ውጭ ሜዳው ላይ አቆምላቸዋለሁ፤ እሷ መለኪያዋን ትመዛለች፤ እሱ ጨርቁን ይዞ ይጠብቃል።

«ስንት ነው?» ይላታል።

«ከመሐል ትንሽ ከፍ ያለ።»

«እሱን ጻፊ።»

ወላጆቻችሁ «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ሲሏችሁ እመኗቸው፤ አንድ ጊዜ ግን አብራችኋቸው እዩ። ለሳምንት ሰው ይበለን። ቸር እንሰንብት።